ጓደኛ የሌለው ኮከብ ክብደት

ብቻውን የሚሄድ ኮከብ ክብደቱ በምን ይታወቃል?

ይህን የጠየቁኝ ቄስ ወልደኪዳን ናቸው፤ የኃይለኢየሱስ አባት። ጥር የገባ ሰሞን ነው። አንኮበር፣ አፋፉ ሚካኤል ደጅ ቆመናል። ፀሐይ ከጀርባችን ጠልቃለች፤ ከፊታችን የአፋር ቆላ እየጠቆረ ይሄዳል። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ጭኜ ያመጣኋትን ቴሌስኮፕ በሦስት እግሯ አቁሜ፣ ከቆላው በላይ ብቅ ወዳለው ነጭ ኮከብ አነጣጥሬላቸዋለሁ። አባ አንድ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይንቀለቀላል" አሉ። "ስሙ ማነው?"

"ሲርየስ ይሉታል።"

"ትኩስ ነው ቀዝቃዛ?"

"ትኩስ ነው አባ። ከፀሐይም ይብሳል። በቀለሙ ነው የምናውቀው። ቀያዮቹ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው፤ ነጫጮቹ የጋሉ፤ ሰማያዊዎቹ ከሁሉም የባሱ።"

"ብረት በይኛ! የእኛም ቀጥቃጮች ማረሻ ሲያግሉ ቀለሙን አይደል የሚያዩት።"

ደስ አላቸው። ርቀቱን ጠየቁኝ። ጣታቸውን ፊታቸው ላይ አስቁሜ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዓይናቸው እንዲያዩት አደረግሁ፤ ጣቱ አፋፉ ጫፍ ካለው ጽድ ግንድ ወዲህና ወዲያ ዘለለ። "ምድር በመንፈቅ ውስጥ ከፀሐይ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ትደርሳለች። ሁለቱ ዓይኖቻችን እነዚያ ናቸው" አልኳቸው። "ቅርብ ያለው ኮከብ ብዙ ይዘላል፣ ሩቁ ጥቂት። ርቀቱን ስናውቅ በእውነት ብሩህ ይሁን ወይም ስለቀረበን ብቻ ብሩህ ይምሰል እንለያለን።"

"ክብደቱስ?"

"ክብደቱን የምናውቀው አንዱ ሌላውን ሲስበው ነው። ሁለት ኮከቦች እየተዟዟሩ ሲኖሩ፣ አንዱ ሌላውን ምን ያህል ከመንገዱ እንደሚያስወጣው አይተን እንመዝናለን። ይሄ ሲርየስም ጓደኛ አለው። በፊት ማንም አላየውም ነበር። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው እየተወዛወዘ ሲሄድ አዩትና 'አንድ የማይታይ ነገር ይስበዋል' አሉ። ኋላ ጓደኛው በመነጽር ታየ።"

አባ ከቴሌስኮፑ ቀና አሉ።

"ጓደኛ የሌለውስ ልጄ?"

አፌን ከፈትኩ። መጽሐፉ መልስ አለው፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው። ግን ሚስታቸው ወለተሐና ካረፉ ወዲህ ቄስ ወልደኪዳን ብቻቸውን ናቸው። ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም። የጠየቁኝ ስለ ኮከብ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከኋላቸው የቴሌስኮፑን ክዳን ይዞ የቆመው ኃይለኢየሱስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቶሎ ደግሞ ዓይኑን ወደ ቆላው አዞረ።

"ላስብበትና እነግርዎታለሁ አባ" አልኩ።

"አስቢበት። እኔ የትም አልሄድ።"

*

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁባት ናት። ባሕር ማዶ፣ ላይደን ከአሥር ዓመት በላይ ከተማርኩና ከሠራሁ በኋላ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሰው ግን እስካሁን ሲያገኘኝ "ፀደንያ፣ መቼ ነው የምትመለሺው?" ይለኛል። መልሱን አላውቀውም። ትልቁ ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር እንደታሸገ ነበር። ሌሊት ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ የት ሆኜ እንደምሰማው ለቅጽበት ይጠፋኛል።

ኃይለኢየሱስ የላቦራቶሪ ረዳቴ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጭ ካፖርት ለብሶ ከእኔ ጋር ይውላል፤ ቅዳሜ ወደ አባቱ ደብር ሄዶ በዲቁና ያገለግላል። የወደድኩት ብርሃን በሰነጠቅንበት ቀን ይመስለኛል። የፀሐይን ጨረር በጠባብ ቀዳዳ አሳልፈን በመሣሪያው ስንበትነው፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ የተዘረጋው ቀለም መሐል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ታዩ።

"እነዚህ መስመሮች መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ኮከቡን የከበበው አየር ውጦ ያስቀረው ብርሃን ነው። ብረት የራሱ መስመር አለው፣ ሃይድሮጂን የራሱ። ኮከቦችን ሁሉ በሰባት መደብ የምንለያቸው በእነዚህ ነው፤ ሲርየስ አንዱ ጋ ይገባል፣ ፀሐይ ሌላው ጋ።"

"ኮከብም በጎደለው ነው የሚታወቀው በይኛ" አለ። አጎንብሶ ሲያይ ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልደብቀው አልቻልኩም። እዚያ ሳለሁ ከአንድ ሰው ጋር ኖሬ እንደተለያየሁ ነገርኩት።

"ለምን ነገርሽኝ?"

"መስመሮቼን እንድታይ ነው።"

ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ለቅስና የታሰበ ዲያቆን ድንግል አግብቶ፣ ከሙሽራይቱ ጋር በተክሊል ቆርቦ ነው የሚሾመው። እኔን ካገባ መቅደስ መግባቱ ያከትማል። "አውቄ ነው" አለኝ በዚያች ቀን። "አንቺ ብቻ አትሂጂ።" ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላወራንም።

ሐምሌ ላይ የአፋፉ ሚካኤል ሁለተኛ ካህን፣ ቄስ ወልደ ሰንበት፣ አረፉ። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ቄስ ወልደኪዳን ብቻቸውን ቀሩ። በትልልቅ በዓላት ከጎረቤት ደብር ቄስ በልመና ይመጣል፤ ሌላ ጊዜ ኪዳን አድርሰው ሕዝቡን ያሰናብታሉ። ምእመናኑ ሁሉ ዓይናቸውን ኃይለኢየሱስ ላይ ጣሉ። ጳጳሱ ክህነት ሊሰጡ ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ ተባለ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

እህቱ ዝናሽ በቤታቸው በራፍ ይዛኝ ሳቀችብኝ። "ስድስት ልጃገረድ ተቆጥሮለታል እቴ። ሰባተኛዋ ራሷ ኮከብ ስትቆጥር ሊያመልጣት ነው!"

"ኮከብ አልቆጥርም፣ እለካለሁ።"

"ለኪያ! ወንድሜንስ ለካሽው?"

ለክቼው ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ኃይለኢየሱስ መወዛወዝ ጀምሮ ነበር። እስከ ቤቴ በር ሸኝቶኝ ሳይሰናበተኝ ይመለሳል። "ፀዲ" ብሎ ይጀምርና "ተይው" ይላል። እኔም እንደ ሙያዬ የማላየውን ስበት ፈለግሁ፣ አገኘሁትም፤ ወደ እኔ እንዳይመጣ የሚጎትተው የጎደለው አንድ ቄስ ነው። ስሌቱ ንጹሕ ነበር። ቄስ ከተገኘ ኃይሌ ይለቀቃል። ያንን ተስፋ ይዤ ስተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋሱን የት ሆኜ እንደምሰማው አወቅሁ።

*

ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር ምስራቅ የምትባል ተማሪ አለችኝ። "ጎረቤታችን ቄስ ናቸው" አለችኝ አንድ ቀን፤ "ግን ደብር የላቸውም።"

ቄስ ገብረአማኑኤልን ያገኘኋቸው በነፋስ የተቀደደ የሸራ ግድግዳ በሲባጎ ሲሰፉ ነው።

"ከተማው ካህን ሞልቶታል፤ ለእኔ ተራ አይደርሰኝም" አሉኝ። "ቅዳሜ ነጠላዬን አጥባለሁ፣ እሑድ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ገበሬ መሬቱን ሌላ ሲያርሰው ቆሞ እንደሚያይ ማለት ነው።"

"አንኮበር ቢጠሩዎት ይሄዳሉ አባ?"

መርፌያቸውን ሸራው ላይ ሰኩ። "በእግሬ!"

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩና ፈታሁት። ልብሶቼን ሰቀልኩ። ላይደን የገዛሁትን ወፍራም ካፖርት ከሁሉም በፊት ሰቀልኩት፤ ደብረ ብርሃንም ቢሆን ብርድ አላጣችም። ባዶውን ሻንጣ ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ ምስር ታስቀምጥበት።

ቅዳሜ ጠዋት ከቄስ ገብረአማኑኤል ጋር ወደ አንኮበር ተሳፈርን። የክህነት ማስረጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። የሚኒባሱ ረዳት አወቀኝ።

"ዶክተር ኮከብ ቆጣሪዋ አይደለሽ እንዴ? የዚችን መኪና ኮከብ ንገሪኝ እስቲ፤ ጎማዋ በየሳምንቱ የሚተነፍሰው ለምንድን ነው?"

"ሃያ ሰው ስለምትጭንባት ነው" አሉ ቄስ ገብረአማኑኤል። "ይሄ ኮከብ አይፈልግም።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ ከልቤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ኃይለኢየሱስ የቅጥሩ በር ላይ ነበር። የእንግዳውን ቄስ መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ምን አደረግሽ ፀዲ?"

"የጎደለውን አመጣሁልህ" አልኩት። "ነገ ቅዳሴ አለ። አንተም ነፃ ነህ።"

የእንግዳውን ፌስታል ተቀብሎ ወደ አባቱ ቤት መራቸው። እንባውን የደስታ ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ ለማሰብ ልቤ በጣም ሞልቶ ነበር።

*

እሑድ ጠዋት አፋፉ ሚካኤል ጉም ለብሶ ነበር። ሰው ከየመንደሩ መጥቷል፤ ቄስ ተገኘ የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። እኔ ከሴቶች ጋር በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። በቆጠራዬ ምንም አልጎደለም።

"ተንሥኡ ለጸሎት!"

የኃይለኢየሱስ ድምፅ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያውን እንዳያስደነግጥ የሚፈራ የሚመስለው ድምፅ ነው፤ እዚህ ግን የግድግዳውን ድንጋይ ያናገረ መሰለኝ። መጋረጃው ተገለጠ። ጧፍ ይዞ ከመቅደስ ወጣ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ብርሃን አይቶ ምንጩ ምን እንደሆነ መናገር። እኔን ሲያይ ፊቱ እንደሚበራ አውቃለሁ፤ ቀለሙን በቃሌ ይዤዋለሁ። ያን ጠዋት ያየሁት ግን ሌላ ነበር። ሕዝቡን አላየም፣ እኔንም አላየኝም። ወደ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነው ያየሁት።

ስሌቴ ከእጄ ላይ ወደቀ። መወዛወዙን በትክክል ለክቼ፣ የሚስበውን ግን ተሳስቼ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ሲሰግዱ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ጠበል ጠዲቅ ሊቀምስ ደጀ ሰላም ሲገባ፣ ኃይለኢየሱስ አፋፉ ጫፍ ካለው ጽድ ሥር፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣ። ጉሙ ተገፎ ቆላው ከታች ተዘርግቷል።

"እንግዲህ ቄስ አልጎደለም" አልኩት።

"አልጎደለም።"

"አንተ ግን አትመጣም።"

የነጠላውን ጫፍ ሲጠመዝዝ ቆየ። "ትናንት ይዘሻቸው ስትመጪ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ቀናሁ። መቅደስ ናፍቀው በተንከራተቱ ሽማግሌ ቀናሁ! ቦታዬን ወሰዱብኝ አልኩ። እስከ ትናንት 'አባቴ ብቻውን ስለቀረ ነው፣ ሕዝቡ ስለለመነኝ ነው' እል ነበር። ምክንያቴን ሁሉ በአንድ ሚኒባስ ጭነሽ ወሰድሽብኝ። ባዶ ቦታው ላይ የቀረው ፍላጎቴ ብቻ ነው።"

"እና ከስድስቱ አንዷን ታገባለህ።"

"አላገባም። አንቺን እያሰብኩ የሰው ልጅ አጠገቤ አቁሜ ተክሊል አልደፋም። ለእሷም ግፍ ነው፣ ለእግዚአብሔርም ውሸት።" ወደ ቆላው አየ። "ገዳም እገባለሁ። እመነኩሳለሁ። ያለ ሚስት ወደ ቅስና የሚወስድ መንገድ እሱ ብቻ ነው። ለአባዬ ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው።"

የቄስ ልጅ ባልሆንም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚመነኩስ ሰው የሙት ጸሎት ይጸለይበታል። በቁሙ ፍትሐት ይፈታል። ስሙ ይለወጣል፤ በድሮ ስሙ የሚጠራው ሰው ከዚያ ወዲያ የለም።

"ልትሞትብኝ ነዋ!"

"ለዓለም ነው የምሞተው።"

"ዓለምህ እኔ አይደለሁም?"

"ነሽ" አለ። "ለዚህ እኮ ነው ሞት የሚባለው።"

እጄን ልዘረጋ ብዬ ተውኩት። ገና ከመቅደስ መውጣቱ ነበር።

"ብለምንህስ ኃይሌ?"

"እቀራለሁ" አለ ወዲያው፣ ሳያስብ። "ብትለምኚኝ እቀራለሁ፤ ስለዚህ ነው የምለምንሽ፣ አትለምኚኝ። ብቀር በየእሑዱ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንቺን መጥላት እጀምራለሁ። እሱን አልችለውም።" ከዚያ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት፣ ፈገግ ሊል ሞከረ። "አንቺም እኮ ሻንጣሽን ገና አልፈታሽም። የሚስብሽ ሌላ አለ። ሁለታችንም እንዲሁ ነን።"

ሻንጣዬ ውስጥ የጎረቤቴ ምስር እንዳለ ልነግረው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ብናገረው ግን መለመን ነው፤ ከመለመንም የከፋ ነው፤ ይቀራል። ስለዚህ ዋጥኩት። እንደ ኮከቡ አየር፣ ብርሃኑን ውጬ ጥቁር መስመር አደረግሁት።

"ሂድ" አልኩት። "ደጀ ሰላም ይጠብቁሃል።"

ሄደ። ዘወር ብሎ እንዳያየኝ ጸለይኩ፤ ዘወር ሳይል ሲቀር ጸሎቴ ለምን ተሰማ ብዬ አለቀስኩ።

*

ጥምቀት አለፈ። ጳጳሱ መጥተው ሄዱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዝናሽ ለገበያ ደብረ ብርሃን ወጥታ ላቦራቶሪ ድረስ መጣች። እንደ ልማዷ አልቀለደችብኝም።

"ገዳም ገባ" አለችኝ። "ስልኩን አጥፍቶ ከእማዬ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ማንም እንዳይነካው ብሎናል።" የኃይለኢየሱስ ነጭ ካፖርት በሩ ጀርባ ተሰቅሎ አየችና በመዳፏ ዳሰሰችው። "አባዬ ግን ይጠይቁሻል። 'ያቺ ልጅ መልሱን ሳትነግረኝ ቀረች' ይላሉ።"

ወደ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ በየቀኑ አለ። ሄጄ ለአባ ልነግራቸው እችል ነበር፤ ለዝናሽም ልልክባት እችል ነበር። ግን ለኃይሌ የምጽፍበት ምክንያት ያ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም።

ዝናሽን ሸኝቼ ጀምበር እንደጠለቀች ወደ ሕንፃው ጣሪያ ወጣሁ። ሲርየስ ከጥር ወዲህ ከፍ ብሎ አናት ጋ ደርሷል። ጓደኛው ከዚህ በዓይን አይታይም። ስልኬን አወጣሁና ጻፍኩለት፦

"ለአባ ንገርልኝ። ጓደኛ የሌለው ኮከብ በራሱ አይመዘንም። ጓደኛ ያላቸውን አስቀድመን እንመዝናለን። ከዚያ የብቸኛውን ብርሃንና ቀለም ከእነሱ ጋር እናስተያያለን። እንዲህ የሚያበራ ኮከብ፣ አጠገቡ ሌላ ቢኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ይስበው ነበር እንላለን። ክብደቱ አለ አባ፤ ማንንም አልሳበበትም እንጂ።"

ላክሁት። ከጎኑ አንድ ምልክት ወጣ፤ ሁለተኛው፣ የደረሰ ለታ የሚወጣው፣ አልመጣም። ቆይቼ ያን ቀን ከጽዱ ሥር የዋጥኩትን ቃል ጨመርኩበት። አሁን ማንንም አያስቀርም።

"ሻንጣዬን ፈትቼዋለሁ። ቅዳሴው ከነበረበት እሑድ በፊት፣ ዓርብ ማታ ነው የፈታሁት።"

ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም ገባ። ሲርየስ ከፀሐይ ጀርባ ተደብቆ ከርሞ በንጋት ምሥራቅ ብቅ አለ። ከሁለቱም መልእክቶች ጎን ያለው አሁንም አንድ ምልክት ነው።